በግ አርዶ፣ ገፎ፣ ብልት ማውጣት፦ ለአዳማ ሙቀት የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

የጤነኛ በግ ሥጋ ቆዳው ውስጥ እስካለ ድረስ ንጹሕ ነው። ቆሻሻ የሚደርስበት ከሁለት ቦታ ነው፤ ከውጭ ከፀጉሩ፣ ከውስጥ ከፈርሱ። ቢላ አያያዙም ሆነ በሲባጎ ማሰሩ፣ ቅደም ተከተሉም ጭምር፣ እነዚህ ሁለቱ ሥጋውን እንዳይነኩት የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። አዳማ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ይጨመራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በፋሲካ ሰሞን ፀሐይዋ ጠዋት ማቃጠል ትጀምራለች፣ ዝንቡም አብሯት ይነሳል። ስለዚህ እዚህ ከተማ በዝግታ የሚሠራ ሰው ንጹሕ ቢሆንም ሥጋው ይበላሽበታል።

መመሪያው ለአንድ በግ ነው፤ ከጥቂት ልዩነት በቀር ለፍየልም ይሆናል። ሁለት ሰው ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታርዱ ከሆነ ግን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይቁም። መግፈፉን እያጠፉ መማር ይቻላል፣ ማረዱን ግን አይቻልም፤ የተሳሳተ ቢላ እንስሳውን ያሠቃያል። ሥጋውን ለመሸጥ የሚያስብ ደግሞ ቦታው ቄራ ነው፣ ግቢ አይደለም።

ከግዢ እስከ ዋዜማ

አዳማ ገበያ ላይ የአርሲ ደጋ በግም የቆላ በግም ይገኛል። የደጋው በግ ረግረግ ላይ የሚግጥ ከሆነ የጉበት ትል ሊኖርበት ይችላል። ይህን ከመግዛታችሁ በፊት በከፊል መገመት ትችላላችሁ፤ የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣት ዝቅ አድርጉት። ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ነጭ ከሆነ ደም አንሶታል፣ አብዛኛውን ጊዜም ምክንያቱ ትል ነው። ከዚያ መዳፋችሁን ወገቡ ላይ ጫኑ። አከርካሪው እንደ መጋዝ ጥርስ ከቆረቆራችሁ ፀጉሩ ብቻ ነው ያወፈረው። አፍንጫው የሚዝረበረብ፣ የሚያስል፣ ጭራው ሥር በተቅማጥ የተበከለ በግ አይገዛም። ዕድሜውን ከፊት ጥርሱ እዩት፤ ሁሉም ትናንሽ የወተት ጥርስ ከሆነ ከአንድ ዓመት ተኩል በታች ነው፣ መሀል ላይ ሁለት ትልልቅ ጥርስ ካወጣ ዓመት አልፎታል፣ አራቱም ጥንድ ከሞላ ሥጋው ረጅም መቀቀል የሚፈልግ ነው።

ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፤ በቅርቡ መርፌ ተወግቷል ወይ? የመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ከመታረዱ በፊት መጠበቅ ያለበት የቀን ብዛት ይጻፋል፤ አንዳንዱ ሳምንታት ነው። መልሱ የማያረካ ከሆነ ሌላ በግ ፈልጉ።

ማረጃው ሲቃረብ በድንገት ወድቆ የሞተን በግ "ሳይበላሽ እንድረስበት" ብሎ ቢላ ማሳረፍ ግን ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው። በተለይ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም የሚወጣ፣ ደሙም የማይረጋ ከሆነ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አትክፈቱት፣ አትግፈፉት፣ ሰውም ውሻም አታስጠጉበት፤ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ከዋዜማው ጀምሮ ከ12 እስከ 24 ሰዓት መኖ ከልክሉት፣ ውሃ ግን አትከልክሉት። ጨጓራው ሞልቶ ከታረደ ሆዱ ተወጥሮ ቢላው ሲነካው ይፈነዳል። ውሃ የጠጣ በግ ደግሞ ደሙ በደንብ ይፈሳል፣ ቆዳውም በቀላሉ ይላቀቃል። ጥላ ውስጥ እሰሩት፣ ልጆች አያሯሩጡት። ሲሯሯጥ ያደረ ወይም የደነገጠ በግ ጡንቻው ውስጥ ያለውን ስንቅ ስለሚጨርስ ሥጋው ጠቆር፣ ደረቅ ይላል፣ ቶሎም ይበላሻል። ሆዱ ሥር የደረቀ ጭቃ ካለ ዛሬውኑ በብሩሽ አራግፉት። በማረጃው ቀን በውሃ ማጠብ ጉዳቱ ያመዝናል፤ እርጥብ ፀጉር ቆሻሻውን ሥጋው ላይ ያንጠባጥባል።

ዕቃው

ሁለት ቢላ ያስፈልጋል። ማረጃው ስለቱ ከ18 እስከ 20 ሳንቲሜትር፣ ቀጥ ያለ ይሁን። መግፈፊያው አጠር ብሎ 12 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ጫፉ ከመሾል ይልቅ ክብ ያለ ይሁን፤ የሾለ ጫፍ ቆዳ ይበሳል። ሁለቱም ክንድ ላይ ያለ ፀጉር የሚላጩ እስኪሆኑ ይሳሉ፣ ሞረዱም አጠገባችሁ ይቀመጥ። ዱልዱም ቢላ ጉልበት ያስጨምራል፤ ቢላው አዳልጦት እጁን የሚቆረጠውም በዱልዱም ቢላ የሚሠራ ሰው ነው።

ከዚህ ሌላ፦ ሁለት ሜንጦ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ሁለት ክንድ ሲባጎ፣ አነስተኛ መጋዝ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ (40 ሊትር)፣ ሦስት ባልዲ (አንዱ ለእጅ፣ አንዱ የፈላ ውሃ ለቢላ፣ አንዱ ለቆሻሻ)፣ ሦስት ንጹሕ ሳፋ፣ ሥጋ መሸፈኛ ነጭ ጨርቅ፣ ለቆዳው አንድ ኪሎ ተኩል ጨው። መስቀያው ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ይበል። የዛፍ ቅርንጫፍ ከሆነ አስቀድማችሁ ተንጠልጠሉበትና ሞክሩት። መሬቱ አፈር ከሆነ ሸራ አንጥፉ።

ሰዓቱን አስቡበት። ለፋሲካ የሚያርድ ሰው ከቅዳሴ ተመልሶ ሊነጋጋ ሲል ቢጀምር ፀሐይ ሳትበረታ ይጨርሳል። ለአረፋ ግን እርዱ ከሶላት በኋላ ስለሆነ ቀኑ ሞቅ ማለት ከጀመረ በኋላ ነው የሚጀመረው። ያኔ ዕቃው ሁሉ ከሌሊት ተዘጋጅቶ ማደር፣ መስቀያውም ረፋዱ ላይ ጥላ የሚሆን ቦታ መመረጥ አለበት።

ማረድ

በጉን ሳታሯሩጡ በግራ ጎኑ አስተኙት። አንዱ ሰው ሦስቱን እግር አንድ ላይ ይሰርና ትከሻውን ይያዝ፤ አንዱ እግር ነጻ ቢቀር ይራገጣል፣ መራገጡም ደሙን ያስወጣል። ሌሎች በጎች ካሉ እንዳያዩ አርቋቸው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየሥርዓቱ ጸሎቱን ያደርሳል። ሁለቱም በሚኖሩበት ግቢ ሁለት በግ በአንድ ቢላና በአንድ ሳፋ አይሠራም፣ ይህን ማንም የአዳማ ሰው ያውቀዋል።

አገጩን ወደ ኋላ ሳቡ፣ አንገቱ ይወጠር። ቢላው ከመንጋጋው ሥር፣ ከማንቁርቱ ዝቅ ብሎ፣ በአንድ ጠንካራ ስበት ይለፍ፤ የአየር ቧንቧው፣ የምግብ ቧንቧውና በሁለቱም ጎን ያሉት ትልልቅ የደም ሥሮች በአንድ ጊዜ ይቆረጡ። በአንድ ጎን ያለው ብቻ ከተቆረጠ እንስሳው ራሱን ሳይስት ይቆያል፤ ይህ ከታያችሁ ሳታመነቱ ሁለተኛውን ቁረጡ። አከርካሪውን ግን አትንኩ፣ ጭንቅላቱንም ወዲያው አትለዩ። አብዛኛው ደም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ይፈሳል፤ ከ30 ኪሎ በግ አንድ ሊትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ የዓይኑን ኳስ በጣት ንኩት፤ ቆቡ ምንም ካልተርገበገበ ሥራው ይቀጥላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ትንሽ ሥራ አለ። የተቆረጠው አንገት ውስጥ ከአየር ቧንቧው ጀርባ ያለውን ለስላሳ የምግብ ቧንቧ ፈልጉ፣ አሥር ሳንቲሜትር ያህል አላቁት፣ በሲባጎ አጥብቃችሁ እሰሩት። ሳይታሰር በጉ ቁልቁል ከተሰቀለ የጨጓራው አረንጓዴ ውሃ በአንገቱ ሥጋ ላይ ይወርዳል።

መግፈፍ

ጭንቅላቱን ከመጀመሪያው የአንገት አጥንት ጋር በሚገናኝበት መገጣጠሚያ ላይ አላቁት፤ መገጣጠሚያውን ካገኛችሁት መጥረቢያ አያስፈልግም። የፊት እግሮቹን ከጉልበቱ ቁረጡ። የኋላ እግሮቹ ላይ በቋንጃውና በአጥንቱ መካከል ቆዳውን ቅደዱና ሜንጦውን አስገቡ። ቋንጃው ራሱ ከተቆረጠ በጉ ይወድቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚሰቀልበት የለም። ስቀሉት፣ እግሮቹም ተራርቀው ይቆዩ።

አንዳንዱ ሰው ኋላ እግሩ ላይ ቀዳዳ አበጅቶ በአፉ ይነፋዋል። ቆዳውን ያላቅቃል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የሰው ትንፋሽ ሥጋው ውስጥ ይገባል፣ ከእንስሳውም ወደ ሰው በሽታ ሊተላለፍ ይችላል። በቡጢ መግፈፍ የዚያን ያህል ይፈጥናል፤ ልምዱን ማምጣት ነው።

መስመሮቹ እነዚህ ናቸው። ከአንዱ ቋንጃ ጀምራችሁ በጭኑ ውስጠኛ በኩል፣ ከፊንጢጣው ፊት አልፋችሁ፣ እስከ ሌላው ቋንጃ። ከፊት እግሮቹ ደግሞ በብብቱ በኩል እስከ ደረቱ ጫፍ። ከዚያ መሀለኛው መስመር፣ ከብሽሽት እስከ አንገት። ሁልጊዜ የቢላው ስለት ወደ ውጭ፣ ወደ ፀጉሩ በኩል ይዙር፤ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚቆርጥ ቢላ ፀጉር አይቆርጥም፣ ሥጋም አይነካም። ሆዱ ላይ በጣም ቀስ በሉ፤ ከስሱ የሆድ ግድግዳ ሥር የተወጠረ ጨጓራ አለ።

ቆዳው ጠርዝ ላይ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ከተላቀቀ ቢላውን አስቀምጡት። በግራ እጅ የቆዳውን ጠርዝ ወደ ውጭ ወጥሩ፣ ቀኙን ጨብጡና በቆዳውና በሥጋው መካከል ባለው ስስ ነጭ ስልባቦት ላይ ግፉ። ቡጢው የሚጫነው ቆዳውን ነው እንጂ ሥጋውን አይደለም። በትክክል ሲሄድ ስልባቦቱ እየተንጣጣ ይለቃል፣ ሥጋው ላይም የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ይቀራል። ይህ ሽፋን ለሥጋው ልብሱ ነው፤ እንዳይደርቅ፣ ዝንብም ጀርምም ቶሎ እንዳይዘልቀው ያደርጋል። ከቆዳው ጋር ቀይ ሥጋ እየተቀደደ ከመጣ እጃችሁ ወደ ሥጋው በኩል ስቷል ማለት ነው፤ ከላይ እንደገና ጀምሩ። ቆዳው የሚያስቸግረው ብብቱ ሥር፣ ደረቱ ላይና ላቱ ዙሪያ ነው። እዚያ ብቻ ቢላ ይግባ፣ ስለቱ በትንሹ ወደ ቆዳው ያዘንብል፣ ግን ቆዳውን አይጭረው።

ከሁሉ በላይ የእጅ ነገር። ቆዳውን የያዘ እጅ ሥጋ አይነካም። አንድ እጅ የፀጉር፣ አንድ እጅ የሥጋ ብላችሁ ለዩ፤ ስትቀያይሩ ታጠቡ፣ ቢላውንም የፈላው ውሃ ውስጥ ንከሩት። የተላቀቀው ቆዳ ተጠቅልሎ ተመልሶ ሥጋው ላይ እንዳይለጠፍ ረዳቱ ወደ ውጭ ይዞ ይቁም። የበግ ሥጋ "በግ በግ ይሸታል" የሚባለው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው፤ የፀጉሩ ቅባት ሥጋው ላይ ሲቀር።

ለለመደ ሰው ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። ጀማሪ ሆናችሁ ግማሽ ሰዓት ካለፈና ሆዱ መነፋት ከጀመረ መግፈፉን አቁሙና ሆዱን አስቀድሙ፤ ጀርባው በኋላ ይደረስበታል። በሙቀት የሚቆይ ሆድ ዕቃ ጋዝ ይሞላል፣ ሽታውም ወደ ሥጋው ያልፋል።

ሆድ ዕቃውን ማውጣት

ፊንጢጣውን ዙሪያውን ቁረጡ፣ ወደ ውጭ ሳቡት፣ በሲባጎ አጥብቃችሁ እሰሩና ወደ ውስጥ መልሱት። አሁን ሁለቱም የፈርስ በሮች ታስረዋል።

እጃችሁን ታጠቡ። ከብሽሽቱ ሥር የሆዱን ግድግዳ ቆንጥጣችሁ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ብቻ ክፈቱ። ሁለቱን ጣት አስገቡ፣ ቢላውን በመካከላቸው ስለቱን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ያዙ፣ ጣቶቹ ጨጓራውን እየገፉ ቢላውን እስከ ደረት አጥንት ይምሩት። መጀመሪያ የሚታያችሁ እንደ ዳንቴል የተዘረጋው ሞራ ነው፤ ንጹሕ እያለ አውጡትና ለብቻው አስቀምጡት። ቀጥሎ ወደ ዳሌው በኩል የሽንት ፊኛውን ፈልጉ፣ አንገቱን በሁለት ጣት ጨብጣችሁ ቆርጣችሁ አውጡ፤ ሳይጨበጥ ከተቆረጠ ይረጫል።

ጨጓራውና አንጀቱ በክብደታቸው ይወርዳሉ። ረዳቱ ሳፋ ይዞ ይቀበል፣ እናንተ በእጃችሁ እየደገፋችሁ ከጀርባው ጋር የሚያያይዟቸውን ስስ ሽፋኖች ቁረጡ፣ የታሰረውን የምግብ ቧንቧም ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ኩላሊቶቹ በስባቸው ተሸፍነው እዚያው ይቆዩ። ደረትንና ሆድን የሚለየውን ስስ ሥጋ ዙሪያውን ቁረጡ፤ ልብ፣ ሳንባና የአየር ቧንቧው አንድ ላይ ይወጣሉ። ደረት አጥንቱን በመጋዝ ሰንጥቁት፤ መጥረቢያ የአጥንት ስብርባሪ ይተዋል።

ጨጓራው ቢፈነዳስ? ውሃ አታፍስሱበት። ውሃው ፈርሱን ካልደረሰበት ቦታ ያደርሰዋል። የተነካውን ሥጋ በንጹሕ ቢላ ገፍፋችሁ ጣሉ። ሐሞትም ቢፈስ እንዲሁ ነው፤ መራራው በማጠብ አይለቅም። የሐሞት ከረጢቱ ጉበቱ ላይ የተለጠፈ፣ አውራ ጣት የሚያክል አረንጓዴ ነገር ነው። ከአንገቱ ጨብጣችሁ፣ ትንሽ ጉበት ጨምራችሁ ቁረጡት፤ ያቺ ቁራሽ ጉበት መላውን ዱለት ታድናለች።

ከመብላት በፊት ማየት

ይህን ክፍል አትቸኩሉበት። ሆድ ዕቃውን ብርሃን ላይ አድርጋችሁ አንድ በአንድ ተመልከቱ።

የጤነኛ ጉበት ቀለሙ ደማቅ ቡናማ፣ ጠርዙ ስስና ሹል፣ ገጹ ልሙጥ ነው። ጠርዙ ካበጠ ወይም ከታች በኩል ነጫጭ ጠንካራ ቱቦዎች ከታዩ አንዱን ቁረጡና ጨመቅ አድርጉት። እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ፣ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር የሚሆን ትል ከወጣ የጉበት ትል ነው፤ ጉበቱ አይበላም፣ ሌላው ሥጋ ግን ጤነኛ ከሆነ ይበላል።

ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ፣ ነጣ ያለ ጠንካራ ከረጢት ካያችሁ አትብሱት። ከአተር እስከ ብርቱካን ሊያክል ይችላል። በጉ ያገኘው ከውሻ ኩስ ነው፣ ውሻው ደግሞ እንዲህ ያለ ሆድ ዕቃ በልቶ፤ ከውሻው ወደ ልጆች ይዞራል፣ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያው ከረጢት ያድጋል። በበዓል ጠዋት በአዳማ ግቢዎች አጥር ሥር ተሰልፈው ለሚጠብቁት ውሾች ሳንባ መወርወር ደግነት ይመስላል፤ በሽታውን የሚያዞረው ግን እሱ ነው። ከረጢት ያለበት ሁሉ ይቃጠል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር።

ሳንባ ፈካ ያለ ሮዝ፣ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ የሚመለስ መሆን አለበት። ጠንካራ ወይም መግል የያዘ ከሆነ፣ የጎድኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ከተጣበቀ፣ ወይም ስቡም ሥጋውም ቢጫ ከሆነ፣ ምንም ሳትበሉ የእንስሳት ሐኪም ይየው። ጣፊያው ከልክ በላይ አብጦ፣ ጠቁሮ፣ ሲነካ እንደ ጭቃ ከሆነና ደሙም ካልረጋ ሥራውን እዚያው አቁሙ፤ ከላይ ስለ አባ ሰንጋ የተባለው እዚህም ይሠራል።

ንጹሕ የወጣ ጉበት እንኳ ሁሉን ጥገኛ ተውሳክ በዓይን አያሳይም። ነፍሰ ጡር ሴት ጥሬ ወይም ለብ ለብ ያለ ዱለት አትብላ፤ የበሰለውን ትብላ።

ጨጓራ ማጠብ

ፈርሱን ጉድጓድ ውስጥ ገልብጡ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ውስጥ አይደለም። ጨጓራውን ገልብጣችሁ ውሃው እስኪጠራ እጠቡት። ከዚያ ሙቅ ውሃ፤ ጣት ነክቶ ወዲያው የሚሸሸው ዓይነት፣ የሚፍለቀለቅ ግን ያልሆነ። አንድ ሁለት ደቂቃ አማስሉትና በቢላ ጀርባ ፋቁት፣ ጥቁሩ ሽፋን ይለቃል። ውሃው ከፈላ ሽፋኑ ይጣበቅበታል፣ ከዚያ በኋላ ስትፍቁ ትውላላችሁ። ሽንፍላው ልክ እንደ መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል እየተገለጠ ነው የሚታጠበው፣ አቋራጭ የለውም። በመጨረሻ በጨውና በሎሚ አሽታችሁ አለቅልቁት።

ብልት ማውጣት

30 ኪሎ የመዘነ በግ ከአጥንቱ ጋር ከ12 እስከ 14 ኪሎ ገደማ ሥጋ ይሰጣል። ወርቹ በመገጣጠሚያ ስላልተያዘ በቢላ ብቻ ይነሳል። ቀጥሎ አንገት፣ ከዚያ ፍሪምባውና ጎድኑ፣ ሽንጡ፣ በመጨረሻ ሁለቱ ጭን።

ሥጋው ሙቀቱን ሳይለቅ ፍሪዘር ውስጥ አይግባ። ጡንቻው ገና ጉልበቱን ስላልጨረሰ ብርዱ ያኮማትረዋል፣ ስትቀቅሉትም አይላላም። ጥላ ውስጥ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ነጭ ጨርቅ አልብሳችሁ ስቀሉት፤ ገጹ ደርቆ ሲቀዘቅዝ ወደ ፍሪጅ ይግባ። ቀኑ ከበረታ ግን ረጅም አትጠብቁ፤ ሁለት ሦስት ሰዓት አቆይታችሁ ብልቱን አውጥታችሁ ፍሪጅ አስገቡት፣ ቁራጮቹ እርስ በእርስ አይደራረቡ። ወደ ፍሪዘር በማግስቱ ይዛወራል።

ቆዳው

የሌጦ ዋጋ ወርዷል ብሎ አጥር ላይ መጣሉ የተለመደ ሆኗል። ቆዳ ፋብሪካዎቹ ግን ሞጆ ናቸው፣ ከዚህ ቅርብ፤ የሚገዛ ሰው ባይኖር እንኳ ቤት ውስጥ ምንጣፍ የሚሆን ቆዳ ነው። ገፍፋችሁ እንደጨረሳችሁ ከሥጋው በኩል የቀረውን ሥጋና ስብ አንሱ፣ ደሙ እንዲንጠፈጠፍ ግማሽ ሰዓት ጥላ ውስጥ አሳርፉት። ከዚያ ሥጋ የነበረውን ገጽ ወደ ላይ ዘርጉትና ለሁለት ኪሎ ተኩል ቆዳ አንድ ኪሎ ያህል ጨው እሹበት። በአዳማ ሙቀት ይህ ከሦስት አራት ሰዓት ማለፍ የለበትም። ፀሐይ ላይ አትወጥሩት፤ ላይ ላዩን ደርቆ ውስጡ ይበሰብሳል። በማግስቱ የቀረውን ግማሽ ኪሎ ጨምራችሁ ሥጋ የነበረውን ገጽ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ጠቅልሉት። የእግሮቹንና የአንገቱን እጥፋቶች በጣት ከፍታችሁ ጨው መድረሱን እዩ፤ ፀጉሩ መነቀል የሚጀምረው ጨው ካልነካው ጠርዝ ነው።